የሁለት ዓመት ሟርት

ውድ ሚዜዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ፈት ሰው ምንጊዜም ደህና ነው፤ ቢያመውም እንኳ ፈቃድ የሚጠይቀው አለቃ የለውም።

መልእክትሽ ደርሶኛል። "እህቴ፣ መስመሩ እንደገና መውጣት ጀምሯል፤ መቼ እንደሚወድቅ ንገሪኝ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ" ትያለሽ። በስልክ ልመልስልሽ እችል ነበር። ነገር ግን የሰማሽውን አልሰማሁም የማለት ተሰጥኦ ስላለሽ በወረቀት ይሁን አልኩ።

መቼም የእኛ ሥራ ለሰው ሲነግሩት አያምርም። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቲኬት የሚሸጠውን ሰርቨር ትንፋሽ አንድ ፕሮግራም ቀን ከሌት ይመዘግባል፤ እኛ ደግሞ የተመዘገበውን ወደ ኋላ እያየን ወደ ፊት የሚታመምበትን ቀን እንገምታለን። ያን ሰሞን ወንበር አጋጥመን የሁለት ዓመቱን መረጃ ስናበጥር፣ እኔ የማየው ሜሞሪው ሲሞላ የሚደርስበትን ጫፍ ነበር።

"ጫፉን ተይው" አልሽኝ፣ ዳቦ እንደጎረስሽ። "አጥፍተው ሲያስነሱት ከየት እንደሚጀምር እዪ።"

አየሁ። እንቅልፉን ሳይጨርስ እንደሚቀሰቅሱት ሰው፣ በተነሣ ቁጥር ከቀድሞው ይበልጥ ደክሞ ይነሣል። የግራፉን መስመር ወደ ፊት ስናስረዝመው፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሳምንት ሰኞ ረፋድ ላይ ጣሪያውን ነካ፤ ሰርቨሩ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። ግኝቱ ያንቺ ነበር። "ባንቺ አፍ ያምራል" ስላልሽኝ በስብሰባው ላይ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ቤቱ ቢቃጠልም "አይዞን" ባይ ስለሆነ ጋሽ አይዞን ያልነው እኛው ነን። የዚያን ዕለት ግን አይዞን አላለም።

"ምን ታሟርቺብናለሽ?" አለኝ።

"ጋሼ፣ ሟርት አይደለም። የሁለት ዓመት መረጃ ነው።"

"የሁለት ዓመት ሟርት በያ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም አፍሽን በመዳፍሽ ከልለሽ፣ በጨዋ ደንብ ሳቅሽ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሰርቨሩ ቃሉን ጠበቀ። በዚያ መሥሪያ ቤት ቃሉን የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነበር። ሻንጣ ያንጠለጠሉ ተማሪዎች የቲኬት መስኮቶቹን ሲደበድቡ፣ ሾፌሮች ባዶ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው ጡሩምባ ሲነፉ፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ሰርቨሩን ሳይሆን እኔን ነበር። ጥበቃው አዛውንት ሳይቀሩ "ልጄ፣ አፍሽ አይረባም" ብለው ከአጠገቤ ፈቀቅ አሉ።

ሰርቨሩን ማን እንደጣለው ሊያጣራ በተቋቋመው ኮሚቴ ፊት የሕግ ክፍሉ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ጠየቀኝ።

"ሰዓቱን ሳይቀር በምን አወቅሽ?"

"ከግራፉ።"

"ግራፉን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"እንግዲያውስ!" አለና ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "አምናለች ብለሽ ጻፊ።"

አንቺ ለምስክርነት ስትጠሪ እፎይ ብዬ ነበር። እውነቱን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አለ፣ እሷም በሠርጌ ቀን ቬሎዬን ከኋላ የያዘችልኝ ናት ብዬ። አንቺ ግን ጉሮሮሽን ጠርገሽ "ስለ ግራፉ የማውቀው ነገር የለም። እሷ ስትሠራ ስክሪኗን ወደ ግድግዳ ታዞራለች" አልሽ። ወደ ግድግዳ! "አላውቅም" ብለሽ ብታበቂ ኖሮ ፍርሃት ነው ብዬ በተውኩት። ስክሪኑን ግን አስበሽበታል፤ ምናልባትም ፀጉርሽን እየተሠራሽ።

በማግስቱ ተባረርኩ፣ አንቺም ወንበሬን ወረስሽ። ይመችሽ። መደገፊያው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የላክሽልኝን ቁጥሮች አየኋቸው። ያኔ ሜሞሪ ጨምረውበት ተዉት እንጂ፣ የሚያንቀውን ያረጀ ቲኬት ያጸዳለት የለም። ስለዚህ መስመሩ እንደ ልማዱ እየወጣ ነው፤ በመጪው ወር የመጨረሻ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጣሪያውን ይነካል። መድኃኒቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የጋሽ አይዞን ፊርማ ግን ያስፈልገዋል። ከነገርሽው ሟርተኛ ነሽ። ዝም ካልሽ ደግሞ እወንበሩ ላይ የተኛሽ ነሽ።

ዝም እንደምትይ ለማወቅ ግራፍ አያሻኝም። ስለዚህ ምርጫው እንዳይከብድሽ አንድ ውለታ ዋልኩልሽ፦ ለጋሽ አይዞን ጻፍኩለት። ቀኑንና ሰዓቱን ነገርኩት። ዘዴው ያንቺ እንደሆነ፣ የመጀመሪያውንም ያገኘሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ ዛሬም ቁጥሮቹን እንደምትከታተዪ፣ ከትሕትናሽ ብዛት ግን እንደደበቅሽው አስረዳሁት። ከትሕትናው በቀር አንድም ውሸት የለበትም። ሁለቱን ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ነው የላክኋቸው፤ ይህን ስታነቢ እሱም የራሱን እያነበበ ነው።

"ምናልባት ደንግጦ ይፈርም ይሆናል" ትዪ ይሆናል። እኔም አስቤዋለሁ። ከፈረመ ሰርቨሩ አይወድቅም፤ ሐሙስ በሰላም ሲያልፍ ደግሞ "በሐሰት አስደነበረችን" ትባያለሽ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ በተለይ ጉንጬን የምትነክሰዋን ትንሿን። ከዚያ ሐሙስ ወዲያ ከትምህርት ቤት የሚያመጣቸው ሰው አትቅጠሪ። አንቺው ትደርሻለሽ።

ከልቧ የማታወጣሽ፣
እህትሽ