ፋራህ ያልበሳት ብር

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 17 ቀን 1972 ዓ.ም.

አንቺ የሺአረግ! እንዳለፉት ሁለቱ ደብዳቤዎች ሳትከፍቺ እንዳትመልሺው! ባቡር ላይ የሚሠራውን ተሰማን፣ «አንብባ እስክትጨርስ ከበሯ ንቅንቅ እንዳትል» ብዬዋለሁ። በፖስታ ቤት ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ስትጨርሺው ይገባሻል።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እህትሽስ? እኔ አለሁ። ባቡር ወርክሾፕ ያው ብረት ስቆርጥ እውላለሁ፤ ማታ ሳቢያን ቤታችን ስመለስ የሚመልስልኝ የለም፣ ከግድግዳው ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ! አዎ፣ ዛሬም እላለሁ። ሃያ ዓመት አንድ በአንድ የለቀምኳቸውን አሥራ አንድ የጥንት ሮማ ነገሥታት ብሮች ሳትጠይቂኝ ወሰድሽ። አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰውዬ፣ ግሪኩ ሙሴ ያኒ ሱቅ ቁጭ ብዬ፣ ከፈረንሳይኛ መጽሐፍ ፊደል እየቆጠርኩ ያወቅኳቸው ብሮች! የቤት ለቤት አሰሳ ይመጣል ብለሽ ፈራሽ። ከጠገራ ብር ጋር አንገት ላይ ቢንጠለጠሉ ማን ይለያቸዋል ብለሽ፣ ማንጠልጠያ እንዲያበጅላቸው ቀፊራ ገበያ ለአንጥረኛው ለፋራህ ሰጠሽ። ሐሳብሽ ክፉ አልነበረም። ግን የተበሳ ብር የሞተ ብር ነው፤ ስንቴ ነግሬሻለሁ!

ስሰማ አበድኩ። ቀፊራ መሐል፣ በርበሬ ሻጮቹ ፊት ቆሜ ጮህኩ።

«አንተ ፋራህ! የማንን ራስ እንደበሳህ ታውቃለህ? ማክሲሚኖስ ነው፣ ይኼ አገጩ አካፋ የሚያክለው! ተራ ወታደር ነበር፤ ወታደር ዙፋን ላይ አወጣው፤ ሮማን ሳያያት ገዛት። ብሩ ጀርባ ላይ ‹የወታደር ታማኝነት› ብሎ አስቀረጸ፤ በሦስት ዓመቱ የገዛ ወታደሮቹ አንገቱን ቀነጠሱት!»

ፋራህ መዶሻውን አስቀመጠና፣ «አቦ ገብሬ፣ ቀስ በል። ይኼ ሰውዬ ወላሂ ሞቶም ያስገድልሃል» አለ። ሴቶቹ ሳቁ።

ጩኸቱን ከሩቅ የሰሙ አብዮት ጠባቂዎች ከተፍ አሉ። የፋራህን ሣጥን ዘረገፉት። «እነዚህ የማን ናቸው? ስለ ወታደር መንግሥት ሲለፈልፍ የነበረውስ ማነው?»

ፋራህ አየኝ። የሶማሊያ ጦርነት ካለፈ ወዲህ የሶማሌ ስሙ ብቻውን እንደሚያስጠይቀው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። «የኔ ናቸው፤ የጮህኩትም እኔ ነኝ» አላቸው ፋራህ። ከበርበሬ ሻጮቹ አንዷ እንኳ ወደኔ አልጠቆመችም። እሱንም ብሮቹንም ይዘው ሄዱ። እኔስ? ድሬ ሙሉ አፈኛ የሚለኝ እኔ...

የቀረውን ታውቂዋለሽ። በነጋታው ሻንጣሽን እየዘጋሽ፣ «ለሞተ ንጉሥ ጮህክ፤ ለቆመ ሰው ድምፅህ ጠፋ» አልሽኝ። አራት ወር ሙሉ መልስ ስፈልግልሽ ነበር። ሁለቱ ደብዳቤዎች ያንኑ መልስ የያዙ ነበሩ። እንኳንም አልከፈትሻቸው።

ትናንት የፋራህ ሚስት ሃዎ መጣች። በጨርቅ የጠቀለለችውን አንዲት ብር እጄ ላይ አስቀመጠች። ሣጥኑን ሲዘረግፉ ወናፉ ሥር ገብታ የቀረች ናት። አገላብጬ አየኋት። አልተበሳችም! ፋራህ ዳሯን በቀጭን የብር ሽቦ አቅፎ፣ ማንጠልጠያውን ሽቦው ላይ ነው የበየደው።

«‹ገብሬ ብር ሲበሳ ያመዋል› እያለ ሦስት ቀን ለፋባቸው» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንቅ ይዤ በሄድኩበት እስር ቤት ሁሉ ‹እዚህ የለም› ይሉኛል» አለች። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ብሯን ተሰማ ይሰጥሻል። አንገትሽ ላይ አድርጊያት፤ አልቆጣም። እግዜር በሄድሽበት ጥላ ይሁንሽ፣ የሰው አገር ፀሐይ ይለዝብልሽ። ከእሑድ በኋላ ከኔ ወረቀት ካልመጣ፣ ተሰማን በጥያቄ አታስጨንቂው።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ተነሥቼ ብሮቹም ጩኸቱም የኔ ናቸው እላለሁ። ቀጥሎ የምለውን ደግሞ ይኸው ጽፌዋለሁ፤ ኋላ አላለም እንዳይሉ አንቺ ጋ ይቀመጥ፦

«ጓድ ሊቀመንበር! አንጥረኛው ፋራህ የት ነው? በጆሮዬ ሹክ ብለው አይደለም፣ ቢሮ ጠርተውኝም አይደለም። ሚስቱ ይችውና ተቀምጣለች፤ እሷ እየሰማች፣ በሕዝብ ፊት ይመልሱልኝ!»

እምቢ ካላልሽ ባልሽ፣
ገብረወልድ