የጠራኸው እንግዳ

አባዬ፣

ያለህበት ሰላም ይሁን። ከተለየኸን እነሆ አምስተኛው ኅዳር ገባ። እንዳንተው የፊዚክስ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ጊንጪ ነኝ። ዓርብ ዓርብ አምቦ እየመጣሁ ከእማዬ ጋር አድራለሁ። የጓሮው አቮካዶ አፍርቷል። አጥሩ በቆርቆሮ ተቀይሯል። አግዳሚህ ግን ደጃፉ ላይ እንዳለ አለ፤ ከሄድክ ወዲህ እማዬ አትቀመጥበትም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩን ቀርቅራ ትገባ ነበር።

ያን ምሽት ታስታውሳለህ? ሦስታችን አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ በደንዲ ተራራ በኩል አንድ ተወርዋሪ ኮከብ ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ። በእኛ ቤት ኮከብ ሲወድቅ ዝም ይባላል፤ የአንድ ሰው ነፍስ ነውና። አንተ ግን ብድግ አልክ። እንዲህ የሚፈጥን የፀሐይ ቤተሰብ አይደለም፣ ከሌላ ኮከብ የመጣ ባዕድ ነው አልክ። ከዚያም መንገደኛ መሽቶበት ደጅ ሲቆም እንደሚባለው፣ እየሳቅክ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ!» አልከው። እማዬ አፍህን ልትይዝ ተነሳች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና በሳምንቱ ልብህ ቀጥ አለ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስለ ደም ግፊትህ ሲያወራ እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ራሱ ጠራው።»

ተናድጄባት ነበር። ያ ነገር ምናልባት ከጠጠር አይበልጥም፤ ሰማይ ላይ ተቃጥሎ አልቋል፤ ደጃችን የት ደርሶ! ይህን ለተማሪዎቼ ደረቴን ነፍቼ አስተምራለሁ። እዚህ ስመጣ ግን ጀርባዬን ለደንዲ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። እፈራለሁ፣ አባዬ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ፀሐይ ልትይዘው ከምትችለው በላይ የሚሮጥ ነገር ከሌላ ኮከብ መምጣቱ አይቀርም፤ እንዲህ ያሉ እንግዶች በሩቅ ሲያልፉም ታይተዋል። ምድር ላይ ወደቁ ስለሚባሉት ግን ሊቃውንቱ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ፍጥነቱ ሲለካ ትንሽ ስህተት ከገባች የራሳችን ልጅ ባዕድ ይመስላል። መሣሪያ እንዲህ ከተሳሳተ ያንተ ዓይንማ! የኛው ከሆነ ደግሞ ወገኖቹ በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን ይመለሳሉ። ባዕዱ አንዴ አልፎ ይቀራል። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ፣ ኅዳር ሊታጠን ሲል፣ ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት። አባዬ ባዕድ አልጠራም፣ የጠራው የኛውን ሳይሆን አይቀርም አልኳት። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና፣ ያንተን ቦታ ትታ አግዳሚው ጥግ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ በደንዲ በኩል ያው ዓይነት ብርሃን ውልብ አለ። ትጮሃለች ብዬ እጇን ያዝኳት። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ከአንተ ጋር ብቻ ታወራበት በነበረው ለስላሳ ኦሮምኛ፣ «ኮቱ» አለች። ና ማለቷ ነው። ማንን እንደጠራች አልጠየቅኳትም።

እስካለሁ አልረሳህም፣ አባዬ፤ ቃሌ ነው። እማዬ ከዚያ ምሽት ወዲህ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛለች። እኔም ተነስቼ ልቀረቅረው አልቻልኩም።

ልጅህ