የአራሽ ቋጠሮ

ይሥሐቅ፣
ሳልቀሰቅስህ በመጀመሪያው መኪና ወደ ዘመሮ ሄጃለሁ።

ዛሬ ከተማሪዎቹ ጋር ጀልባዋን ስትገጣጥሙ መጀመሪያ ሁለቱን ታንኳዎች አጣምሩ፤ ምሰሶውን ትከሉ፤ ሸራው በመጨረሻ ይዘርጋ። ምሰሶውን በናይለን ገመድህ እሰረው።
ገመዱ አልጋዬ ሥር ነው።

ትናንት ግድቡ ጋ ሳትደርስ ገመድህን ፈትቼ ምሰሶውን በአባቴ የቆዳ ጠፍር፣ በአራሽ ቋጠሮ አሰርኩት። ሞፈርና ቀንበር የያዘ ጠፍር ምሰሶ አያቅተውም ብዬ! ውሃ ሲነካው ላላና ምሰሶው ወደቀ። ተማሪዎቹ ዞረው ሲያዩኝ "ያሰረው ይሥሐቅ ነው" አልኩ።
አንተም ጎንበስ ብለህ ምሰሶውን አነሳህ።

አንተ የባሕር ዳር ልጅ ነህ፤ ሞፈር ነክተህ አታውቅም። እነሱ ግን የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የአራሽ ቋጠሮ አይጠፋቸውም። አንድም ልጅ ያልሳቀብህ ለዚህ ነው። አንገታቸውን የደፉት በእኔ አፍረው ነው።

አወቀ