ግማሽ ሰዓት ደጅ ለጠኑት ቀኛዝማች

ለክቡር ቀኛዝማች ባዘዘው ያለው
የወረዳ ገዥና የማታው ክፍል ተማሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለበቅሎዎም ምቾትን ከልብ እመኛለሁ።

“ሽበት የወረሰው ገዥ ገና ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ልጅ ምን ሊማር ወንበር ይዞ ይቀመጣል?” ብሎ ያልጠየቀ ሰው በማርቆስ ይኖራል ብዬ አላምንም። እኔም ጠይቄአለሁ። ዩኒቨርሲቲው በሥራ ላይ ላሉ ሹማምንትና የመንግሥት ሠራተኞች የአገር ደኅንነት ፖሊሲ እንዳስተምር ሲልከኝ፣ አውቶቡሱ የዓባይን ጠመዝማዛ እያቃሰተ ሲወጣ፣ እኔ አገሬን በአንድ ሴሚስተር የማድናት መስሎኝ ነበር። ወጣትነት ነውና ይታለፍልኝ። አሁን ግን መልሱን እርስዎ ራስዎ ስለሰጡኝ፣ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛልና ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በክፍላችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬና ቅሬታዬ ተቀላቅለውብኛል፤ እንደሚመችዎ ይለዩአቸው።

፩ኛ፤ በመጀመሪያው ቀን አሽከርዎ ወንበርዎን ከነምንጣፉ ተሸክሞ ገብቶ ከሰሌዳው ፊት ስላስቀመጠልዎ አመሰግናለሁ። ከኋላዎ የተቀመጠችው ነርስ የዓለምዘርፍ ሰሌዳው አይታያትም፤ ነገር ግን የመንግሥትን ጀርባ እንደ እርሷ በቅርብ ያጠና ተማሪ የለኝም።

፪ኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ላደረግነው ልምምድ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንባቢ እንዲረዳው ባጭሩ ልናገር። መሬቱ ያለ አግባብ ለሌላ የተሰጠበት አንድ ገበሬ ወደ ገዥው ይመጣል፤ ገዥው ነገሩን አብርዶ መንደሩ እንዳይሸፍት ማድረግ አለበት፤ ፈተናው ይኸው ነው። በዚሁ ጠቅላይ ግዛት ከጥቂት ዓመታት በፊት ገበሬው በግብር ሰበብ ሸፍቶ ምን እንደሆነ ሁላችንም የምናስታውሰው ስለሆነ፣ ልምምዱን ከሩቅ አገር መጽሐፍ አልቀዳሁትም። ሰው የማያውቀውን ጫማ ቢያደርግ ይማራል ብዬ እርስዎን ገበሬ፣ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን እንዳላማው ደርቤን ደግሞ ገዥ አደረግኋችሁ። ደወሌ አንድ ጊዜ በተደወለ ቁጥር አንድ ቀን አለፈ ይባላል።

መጀመሪያ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ግሩም ገበሬ ነበሩ፤ ጋቢዎን አደግድገው በሩ ሥር ሲቆሙ ክፍሉ በሙሉ ተደስቶ ነበር። እንዳላማው በበኩሉ ቀና ብሎ አላየዎትም። በክብሪት እንጨት ጆሮውን እየኮረኮረ፣ ዛሬ አይመችም፣ ነገ ተመለስ አለዎት። ደወልኩ። ጸሐፊዬን አነጋግር አለዎት። ደወልኩ። አሁንም አለህ እንዴ፣ ሥራ የለህም ወይ አለዎት። አነጋገሩ ከየት እንደተቀዳ የገባቸው የኋላ ወንበሮች መሳቅ ጀመሩ። እንዳላማው ባለፉት ዓመታት ስለ ዘር እህል እርስዎ ቢሮ ሲመላለስ ትምህርቱን በደንብ ይዞታል መሰለኝ። ቀጥዬ ስደውል ሽጉጥዎን መዘዙና፣ “አንተ ማነህና ነው እኔን የምታመላልሰኝ?” አሉ።

እኔም ወዲያው ይህንኑ ቃልዎን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ስድብ መስሎዎት ከሆነ ይቅርታ፤ ትክክለኛው መልስ ስለሆነ ነው። ገበሬ መቼ ጠመንጃ ያነሣል ተብሎ ትልልቅ ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ጥያቄ እርስዎ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፈቱት። ከደብረ ኤልያስና ከቁይ እየመጣ በየገዥው ደጅ ክረምትና በጋ የሚፈራረቅበት ገበሬ ግን እስካሁን እንዳልመዘዘ ሳስብ፣ የአገራችን ደኅንነት በማን ትዕግሥት እንደቆመ ገባኝ። በእርስዎ አለመሆኑን አየነው።

፫ኛ፤ ሐሙስ ዕለት እንዳላማው ከመሥሪያ ቤቱ ተወስዶ ታሰረ። ክሱ “ሹመት ሳይኖረው የገዥ ሥልጣን ይዞ ሰው አጉላልቷል” ይላል አሉ። ያለ ሹመት ሰው ማጉላላት ወንጀል መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ በሹመት ሲሆን ምን እንደሚባል ግን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቢያብራሩልን? ደግሞስ ገዥ ያደረግሁት እኔ፣ ደወሉን የያዝኩት እኔ፣ የታሰረው እርሱ። ሿሚውን ትቶ ተሿሚውን ማሰር ከመቼ ወዲህ ነው?

፬ኛ፤ የእንዳላማው ባለቤት አመተ ማርያም የምታጠባውን ልጅ ታቅፋ በየማለዳው ደጅዎ ትቆማለች። ባሏን አንድ ጊዜ ለማየት ነው፤ ሌላ አልለመነችም። ነገ ተመለሺ ተብላለች። በማግሥቱም ነገ፣ በሦስተኛው ቀን ጸሐፊውን አነጋግሪ። ልምምዱ ያለ ደወል መቀጠሉን የሰማሁት ከእርሷ ነው። እርሷ ጋቢም ሽጉጥም የላትም፤ በእርስዎ ስሌት ስንት ቀን ትችል ይሆን? በዚህ ላይ መሥሪያ ቤቱ ለእንዳላማው የሰጠው ጊዜ የፊታችን ዓርብ ያልቃል፤ እስከዚያ ካልተፈታ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እንጀራቸውም በዚያው ይቆማል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ቀላል ነው። ከዓርብ በፊት ይፍቱት። ካልፈቱትም ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርበው በክፍሉ የሆነውን እንዳለ ይናገሩ፤ እኔም እቀርባለሁ። ይህን በበሩ ላይ ቆማችሁ የምታነቡ ወገኖቼም፣ በዚያ ማታ ከሳቃችሁት አንዱ እንኳ ብትሆኑ፣ ወይም ነገ ተመለስ ተብላችሁ የምታውቁ ብትሆኑ፣ ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ደጅ ከአመተ ማርያም ጋር ቁሙ። ክቡር ሆይ፣ መልስዎን በጽሑፍም በቃልም እቀበላለሁ፤ ነገ ከሚለው በቀር።

የክቡርነትዎን ዕድሜ፣ ጤናና በተለይም ትዕግሥት እንዲያበዛልኝ ፈጣሪን የምማጠን፣ በክፍል ውስጥ መምህርዎ፣ ከክፍል ውጭ ምናልባት ቀጣዩ እስረኛዎ፣
ባምላኩ የኔዓለም
ደብረ ማርቆስ፣ ጥር ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ለመጪው ማክሰኞ ልምምድ ገዥ የሚሆን ሰው አጥቻለሁ። ከተማሪዎቼ የፖሊሱ ሻምበል ሳይቀር ሁሉም ገበሬ ልሁን ብሎ እጁን አወጣ። ገዥነትን የሚፈልግ ጠፍቶ ሁሉም በገበሬው ወገን የተሰለፈበት አገር በየትኛው ምዕራፍ እንደሚጠና መጽሐፌን ሳገላብጥ አላገኘሁትም፤ ክቡርነትዎ የሚያውቁት ከሆነ ሳይመሽ ቢነግሩን።