የሴቶቹ ቤት ካሴት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፤ ጠዋት

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሱቁን ከፈትኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ፣ ሁለቱን ቴፖች በሽቦ አገናኘሁ። አንዱ ያጫውታል፣ አንዱ ይቀዳል። እኔ መሀል ቆሜ እጄን በትንፋሼ አሞቃለሁ። የደ/ብርሃን ሙዚቃ ቤት ሠራተኛ ሥራዋ ይኸው ነው።

ዛሬ ተዋረድኩ። ባለፈው ሳምንት ዘፈን የቀዳሁለት ሾፌር ካሴቱን ይዞ ተመለሰ። ተበላሽቷል አለ፤ መግቢያው ላይ ያው ምት እየተመላለሰ ዘፋኙ አልመጣ አለው። አሠሪዬ ጋሽ በቀለ ሳያዳምጡ ቱግ አሉ። አልተበላሸም፣ ሆን ብዬ ነው አልኩ። ባሰባቸው።

ማስታወሻዬ፣ ለአንቺ ልንገርሽ። ክረምት ላይ አንድ ዘፈን ስቀዳ መግቢያዋ፣ ከበሮና ቤዝ ብቻ ያለባት፣ ልቤን ወሰደችው። እንዳታልቅብኝ ሳሳሁ። የሚቀዳውን ቴፕ ፖዝ ያዝኩ፣ የሚያጫውተውን ወደ ኋላ መለስኩ፣ ምቱ ሲገባ ለቀቅኩ። እንደገና። እንደገና። ጣትሽ ካልዘገየ ስፌቱ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆነብኝ።

አሁን ለሰውየው ቀጥ አድርጌ ልቀዳ ነው። ተናድጃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 5

ሳቅ! ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ሴት ልጆች መጡ። ሾፌሩ መኪና ላይ ሰምተውት ኖሯል። ያንን የማያልቀውን ቅጂልን አሉ። ጋ/በቀለ እኔን አዩ፣ እነሱን አዩ፣ ጢማቸውን አሻሹ። ቅጂላቸው አሉ።

ከሰዓት ደግሞ ዘሐራ! የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ፣ እዚህ ት/ቤት አንድ ወንበር የተቀመጥን። ልታገባ ነው፣ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ። ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት ቤት ሙዚቃ ትፈልጋለች። አባቷ ወንድ ሙዚቀኛ ሴቶቹ ዘንድ ድርሽ እንዳይል ብለዋል። ሴት ከሆነች ግን ግድ የለም። ኦርጋን የምትጫወት ሴት ደግሞ የምታውቀው እኔን ብቻ ነው።

እሺ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። እማዬን አላሰብኩም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 7

ነገርኳት። ሽሮዋን እያማሰለች፣ "አባትሽ ቄስ ነበሩ። ልጃቸው አዝማሪ ወጣች ይበሉኝ?" አለች። በዚያው ተዘጋች።

ኦርጋኗን ወንድሜ ሙሉጌታ ከአሰብ ያመጣልኝ ዕለትም እንዲሁ ነበርን። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከወደቡ በተመለሰ ቁጥር ካሴት አያጣም። የሱዳን፣ የየመን፣ ሬጌ። ጆሮዬን የከፈተው እሱ ነው ይሉኛል። እውነቱ ሌላ ነው። ምት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያወቅኩት ከአባባ ነው። የማሕሌቱ ከበሮ ዝግ ብሎ ጀምሮ፣ ሳይታወቅሽ እየፈጠነ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ እኔ ከእማዬ ነጠላ ሥር ሆኜ። ይህን ብነግራት ምን ትል ይሆን? አልደፈርኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

ሙሉጌታ ወደ ደሴ ሲያልፍ ቤት ገባ። ከእማዬ ጋር ጓዳ ተዘግተው ተነጋገሩ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም አይሰማም። ስትወጣ ኮስተር ብላ፣ ብቻሽን ቆላ አልሰድሽም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ አለች።

ዘለልኩ! ሙሉጌታ ከመኪናው የወጣ ባትሪ ተወልኝ፤ እዚያ መብራት የለም። ጋ/በቀለ ሁለቱን ቴፖችና አንድ ድምፅ ማጉያ አዋሱኝ። ጭረት እንዳላይበት ብለዋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 15፤ አልዩ አምባ

ደርሰናል። እግሬ አልቋል። እስከ ጎረቤላ በመኪና፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር፣ ዕቃው በበቅሎ። ኦርጋኗ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ እንደ ሕፃን።

ኬላው ላይ ጉድ ልንሆን ነበር። ጠባቂው ሳጥኑን አስከፈተ፤ ቁልፎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የመገናኛ ሬዲዮ መሰለው። ጠመንጃ ባነገተ ሰው ፊት፣ መንገድ ዳር፣ ተንበርክኬ ተጫወትኩ። እሱ ቀስ ብሎ በእግሩ መምታት ጀመረ። አንድ ድገሚ አለና አሳለፈን። እማዬ እስካሁን ማርያም ማርያም ትላለች።

እዚህ ሙቀት ነው። እማዬ ጋቢዋን ጣለች። የዘሐራ ቤተሰቦች ሥጋቸውን እንደማንበላ ያውቃሉ፤ ለእኛ ለብቻ በአዲስ ድስት ምስር ሠርተዋል። እማዬ ይህን ስታይ ልቧ ራራ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 17

ትናንትን ከየት ልጀምር?

ሴቶቹ ቤት ሞልቷል። ዘሐራ መሀል፣ እጇ ሂና። ኦርጋኗን ከፈትኩ፤ በራሷ ምት የምትመታበትን፣ ሩምባ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ዜማ ጨመርኩበት። ማንም አልተነሳም። በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ሌላ ቁልፍ ሞከርኩ። ባሰ። የዘሐራ አክስት እማማ ሩቅያ፣ በሐዘኔታ፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ማንን ነው የሚጠራው?" አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ። እማዬ ጥግ ይዛ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። መሬት ብትውጠኝ።

አጠፋሁት። እስቲ እናንተ ጀምሩ አልኳቸው። እማማ ሩቅያ ድቤውን አነሱ፤ ሌሎቹ ጭብጨባ፣ እልልታ። ቤቱ ተነሳ! የዚያን ጊዜ ነው ጣቴ መቅጃውን የተጫነው።

ምሳ ሲቀርብ መልሼ አሰማኋቸው። ጩኸት። እማማ ሩቅያ ማጉያውን በእጃቸው ነኩት።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት እማማ።"

"አላህ! እንዲህ ነው ድምፄ የሚያምረው?" ሳቁ ቤቱን አናጋው።

እነሱ ሲበሉ እኔ ከሁለቱ ቴፖች ጋር ተደፋሁ። ድቤውንና ጭብጨባውን ብቻ ይዤ፤ ፖዝ፣ መመለስ፣ መልቀቅ። ከምሳ በኋላ ለቀቅኩት። የራሳቸው እጅ ከማጉያው ሲመጣ፣ በላዩ አጨበጨቡበት። እኔ በኦርጋን ተከተልኩ። የተቀመጠ አልቀረም። ዘሐራ ራሷ ተነሳች፤ አክስቶቿ ሊያስቀምጧት ሄደው አብረው ቀሩ። ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም።

ዘወር ስል እማዬ ታጨበጭባለች። ዓይን ለዓይን ስንጋጭ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ዞር አልኩላት። ቀጠለች።

ማታ እማማ ሩቅያ እጄን ያዙ። ድምፃችን ወንድ ጆሮ እንዳይገባ፣ አደራ አሉ። የመጀመሪያውን ካሴት ለዘሐራ ሰጠኋት። ያረዘምኩትን ለእኔ ተዉልኝ፤ የእጅሽ ሥራ ነው ብለው። አደራ ብዬ ተቀበልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 20

ጋ/በቀለ ከእማዬ አፍ ሰሙ። እማዬ ናት፣ እንደዚያ ያፈረችብኝ፣ ዕቃ ልትገዛ ሱቅ ገብታ የልጇን ሙያ ስታወራ የዋለች! አሁን ካሴቱን አምጪ ይሉኛል። እስከ ደሴ ያለ ሾፌር ሁሉ ይሻማበታል ብለዋል። አደራ አለብኝ አልኩ። በእኔ ቴፕ የተቀዳ የእኔ ነው አሉ። ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆን? ሌላ ሙዚቃ ቤት ማን ይቀጥረኛል?

ዓርብ፣ ጥቅ. 21

አደረግኩት። ጠዋት እሳቸው እያዩ ያረዘምኩትን ካሴት ከተትኩ፣ ማይክራፎኑን ነቀልኩ፣ መቅጃውን ተጫንኩ። በላዩ ባዶ ቀዳሁበት፣ ከነጀርባው። ድምፃቸው እስኪጠፋ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ጋ/በቀለ ተቀምጠው አዩኝ። "እብድ ነሽ እኮ ጽጌ" አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ሻይ አስመጡልኝ።

የተሻለ አለ አልኳቸው። የፋብሪካው ልጆች ማምሻውን ሲወጡ የሚዘፍኑትን ሰምተው ያውቃሉ? እነሱ ይሰማልን ባዮች ናቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ። አዲስ ካሴት ሰጡኝ። ማሸጊያው ያልተቀደደ።

እሑድ፣ ጥቅ. 23፤ ከሰዓት

የቀበሌ ስብሰባ አለቀ። የፋብሪካው ልጆች እኛ ቤት ሊመጡ ነው፤ ሱቁ ይጠባል። ቴፖቹ ተገናኝተዋል። እማዬ ከጎረቤት አግዳሚ ተውሳ ደርድራለች፤ ቆሎ ቆልታለች፤ መስኮቱን በጋቢ ጋርዳለች፣ የውሻ ጩኸት እንዳይገባብሽ ብላ።

ወሰንኩ፦ ካሴቱ ላይ የሁሉንም ስም እጽፋለሁ፣ የእኔንም። ማን እንደሠራው ይታወቅ። የማሕሌቱን ነገርም አሁን ለእማዬ ነገርኳት። አልደነገጠችም። አባትሽም ምግብ ሲጠብቁ ገበታውን በጣታቸው ይመቱ ነበር፣ እኔ ነኝ የማስተዋቸው አለች። ደግሞም በልጅነቷ፣ በአገሯ መዘዞ ይዘፈን የነበረ አንድ የሠርግ ዘፈን እንደምታውቅ ነገረችኝ። ስሟን ካልጻፍኩ ብቻ እንደምትዘፍነው። ጎረምሳ እንደምትፈራ ኮረዳ ዓይኗን ሰብራ።

እጽፈዋለሁ አልኳት። እንግዲያው በትልቁ ጻፊው አለች።

በሩ ተንኳኳ። መጡ። ድምፃቸው ከደጅ ይሰማል። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ልትከፍት ቀድማኝ ተነሳች።