ከሐይቁ ስወጣ የተጠየቅሁት

ለምወድሽና ለተቆጣሽኝ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ሦስተኛው ላይ ቆመሽ ታርፊያለሽ? የዓይንሽን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጊያለሽ ወይስ ትንሿ እህቴን እየሸወድሻት ነው? አባባስ ወገባቸው ተሻላቸው? ሰላምታ ሲበዛ ቁጣ ይበርድ እንደሆነ ብዬ ከእግር እስከ ራስሽ እንደምን አለሽ፣ እንደምን አለሽ፣ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሳል እንኳ የለብኝም። ይህን የምነግርሽ አውቄ ነው። ብርድ ሳንባዋን ሊመታት ነው እያልሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ማውራትሽን ሰምቻለሁ።

ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀንሽ ነው። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብሽ፤ ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። የምታነብልሽ ትንሿ ናት። አንቺ ትንሿ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ እማዬ ፊቷን ስታጠቁር እየዘለልሽ እንዳታልፊ። ፎቶዬን ወስደሽ ያሳየሻት አንቺ ነሽና ጣጣውንም አብረሽኝ ቻዪ።

እማዬ፣ በፎቶው ላይ ያየሽው ጥቁር ነገር የላስቲክ ቱታ ነው። የአዞ ቆዳ ለብሳለች ማለትሽ ደርሶኛል፤ ሥራ ቦታ ተናግሬው ሁሉም ስቋል። ውሃ ውስጥ ሰውነትን ትንሽ ያሞቃል። መጀመሪያ ቀን የኋላውን ወደ ፊት አድርጌ ለብሼው አንገቴን ሊያንቀኝ ደርሶ ነበር። የመተኮሻ ማሽኑ ኃላፊ፣ ሁልጊዜ በእንፋሎት መሀል ስለሚውል ደመና የምንለው፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ነው ያላቀቀኝ። ወደዚህ ነገር ያስገባኝም እሱ ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ይተኩሳል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ይዋኛል።

ሰኔ ሁለት ቀን የሚደረገው ውድድር ትራያትሎን ይባላል። በአንድ ጠዋት መጀመሪያ ሐይቅ ውስጥ ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር መዋኘት፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ ነው። ስለ ብስክሌቱና ስለ ሩጫው ስነግርሽ አልከፋሽም ነበር። ጅል ብትሆኚም ደረቅ መሬት ላይ ነሽ ነበር ያልሽኝ። ዋናውን ስትሰሚ ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አልሽ፤ ደግሞ ከገባሽ ልጄ አይደለሽም ብለሽ ስልኩን ዘጋሽ። እሺ፣ ልንገርሽ፤ ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስድስት ጊዜ ገብቻለሁ። በውድድሩ ቀንም እገባለሁ ብዬ ነበር፤ ለምን እንደተከለከልኩ እደርስበታለሁ።

እዚህ እንደናንተ ጋ አይደለም፤ ብርዱ ገና አልወጣም። ጠዋት ጠዋት የብስክሌቴ እጀታ ላይ ውርጭ አገኛለሁ። የመጀመሪያ ቀን የሐይቁ ውሃ አሥራ ሁለት ዲግሪ ነበር። ቁጥሩ ላንቺ ምንም አይልሽም። እግርሽን ስታስገቢ አጥንትሽን በመዶሻ የመቱሽ ይመስልሻል፤ ፊትሽን ስታስገቢ ደግሞ በሁለት መዳፍ በጥፊ ያጮሉሽ። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ትንፋሼ ከቁጥጥሬ ወጣ። ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አልወጣ አለ። ደመና ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ መጮህ አይችልም፣ እማዬ። አሰልጣኛችን አስቀድማ ነግራን ነበር፤ የመጀመሪያው ደቂቃ የመዋኛ ሳይሆን የመጠበቂያ ነው፣ በጀርባችሁ ተንጋለሉና ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ጠብቁ ብላ። ተንጋልዬ ጠበቅሁ። ተመለሰ። ደመናን መጥራት የቻልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ያንዛዛሁት እዚያ ላይ ተንጋልዬ ያሰብኩትን ልነግርሽ ነው። ትንሿ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ግን አንብቢው።

ያን ቀን ጠዋት አንቺ ወንዝ ዳር ልብስ ታጥቢ ነበር። ትንሿ ጀርባሽ ላይ ታዝላለች። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የታጠበውን ቁጥቋጦ ላይ አሰጣለሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ሞልቷል፤ እጅሽ በብርዱ ቀልቶ እያሸሽው ነበር። ታናሼ፣ ያ ወንድሜ፣ ከኛ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ገባ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዞር ስንል ዳር ላይ አንድ ጫማ ብቻ ነው ያገኘነው። አንቺም እኔም ምንም አልሰማንም።

ከብዙ ቀን በኋላ ለአባባ ስትነግሪያቸው ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። ለምን አልጠራኝም፣ አልሽ። ሃያ እርምጃ ላይ ነበርኩ እኮ፣ እናቱ አልነበርኩም ወይ፣ ለምን አልጠራኝም። ከዚያ ወዲያ ስሙ በቤታችን አልተነሳም። ሰው ስንት ልጆች አሉሽ ሲልሽ አራት ማለት ጀመርሽ፤ እኛም አራት ነን ማለት ለመድን። ዝም አይነቅዝም ትያለሽ። የኛ ቤት ዝምታ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ ኖሯል።

አልጠራሽም፣ ምክንያቱም አልቻለም። እኔ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነኝ፤ ቱታ ለብሻለሁ፣ ሰው አጠገቤ አለ፣ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሮኛል። እንዲያም ሆኖ ድምፄ አልወጣም። እሱ በካናቴራ ነበር የገባው። ረስቶሽ አይደለም፣ ተደብቆሽም አይደለም። አንቺም ሰምተሽ ችላ አላልሽም። የሚሰማ ነገር አልነበረም። ይህን ማንም አልነገረሽም፤ ማንም ገብቶ አላየውማ። እኔ ገብቼ አየሁት። ውሃ ውስጥ መግባቴ ለዚህ ብቻ እንኳ ቢሆን አልጸጸትበትም።

አሁን ወደተከለከልኩበት ልምጣ። አሰልጣኛችን በሳምንቱ ቀናት የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ በአንገቷ ካንጠለጠለችው የተነሳ ፊሽካ እንላታለን። ብርድ ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ ሰው ሳያውቀው ይቀባዥራል። ስለዚህ እያንዳንዳችን በመጀመሪያው ቀን፣ ተኝተን እንኳ የማንስተውን አንድ ጥያቄ ከነመልሱ ደብተሯ ላይ አስጽፈናል። ከውሃ ስንወጣ ትጠይቀናለች። መልሱ ካልገጠመ ውድድር የለም። ደመና የቤቱን ቁጥር አስጻፈ። እኔ፣ እናትሽ ስንት ልጆች ወለደች? አልኩ። መልሱን ሳላስብ፣ እንደ ልማዳችን፣ አራት ብዬ።

እስካለፈው ሰኞ ድረስ ስጠየቅ አራት እያልኩ አልፌያለሁ። ያን ሰኞ ሙሉውን ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ጨርሼ ወጣሁ። ፊሽካ ጠየቀችኝ። አምስት አልኩ። ደብተሯን አየት አድርጋ ደግማ ጠየቀችኝ። አምስት። ደመና ከኋላዋ ቆሞ አራት ጣቱን ቀስሮ ያሳየኛል፤ ተሳሳትኩ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው ብል ያልቅ ነበር። እምቢ አልኩ። ሰኔ ሁለት አትዋኚም፣ ቱታውን አውልቂ፣ አለችኝ።

ልብሴን ቀይሬ፣ ሻይ ይዤ፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ሁሉንም ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ መነጽሯንም አውልቃ ጠረገች። ሕግ ግን ሕግ ነው አለች። አምና አንዱ አሳማኝ ወሬ አውርቶላት አልፎ፣ ብስክሌቱ ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ ወድቋል። የበረደውን ሰው ቃል አልቀበልም፣ ቅጽሽ ላይ ያስመዘገብሽውን ሰው ደውዬ እጠይቃለሁ፣ አለችኝ። ክፉ ነገር ቢደርስብኝ እንዲደወልለት ያስመዘገብኩት ያንቺን ስልክ ነው። ልጄ አይደለሽም ካልሽኝ በኋላም አልሰረዝኩትም።

ስለዚህ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከማታውቂው ቁጥር ይደወልልሻል። እኔ አጠገቧ እቆማለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቅሽ። አራት ካልሻት ሰኔ ሁለት ቀን ዳር ቆሜ የሰው ፎጣ ስይዝ እውላለሁ። አላለቅስም፣ አልለምንሽምም። የዓመት ሰው ይበለን እንጂ ሐይቁ የትም አይሄድም፤ እኔም መዋኘቴን አልተውም። አራት ነን የሚለው ቃል ግን ከእንግዲህ ከኔ አፍ አይወጣም፤ አንቺ ፊት ቢሆን፣ ማንም ፊት ቢሆን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና በፍርሃትሽ አልፈርድም። እኔም እፈራለሁ። እየፈራሁ ነው የምገባው።

ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ በመሣሪያ ሣጥናቸው ታች፣ ከመጋዙ ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያኖሩትን ጫማ ማየቴንም ንገሪያቸው። ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼና ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ጋሼ እኔን እንዲመክሩኝ እንዳትልኪያቸው፣ ድካም ነው። ልብስ ሰፊው ወንድሜ የቱታዬ ብብት ተተርትሯልና ላስቲክ በምን እንደሚሰፋ ይጻፍልኝ። ትንሿ፣ እስከዚህ ካነበብሽ ጀግና ነሽ፤ አሁን ለእማዬ ውሃ አቅርቢላት። ለታናሼም ሰላምታ አለኝ። ለእሱ ማን እንደሚያደርስልኝ ስላላወቅሁ፣ እማዬ፣ አንቺ በስሙ ጠርተሽ አድርሺልኝ።

ግትሯ ልጅሽ፣
ከአምስቱ ሁለተኛዋ

ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሚያዝያ 19 ቀን