የሰባተኛው አልጋ ካርድ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነአዲሱ መሣሪያዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ሰባተኛው አልጋ ላይ አርባ አንድ ቀን የተኛችው እናቴ ግን ባለፈው ማክሰኞ አርፋለች። የምጽፈው ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው፤ እንባም እስካሁን ስላልመጣልኝ ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

፩. ቀዝቃዛ ፕላዝማ ስለሚባለው የቁስል ማከሚያ መሣሪያዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እስክሪብቶ ከሚያህለው መሣሪያ የሚወጣው ሐምራዊ ብርሃን በሳምንት ሦስት ቀን የእግሯ ቁስል ላይ ሲበራ አያቃጥላትም፣ አያማትም ነበር፤ እንዲያውም ነፋስ የነካት እየመሰላት ትስቅ ነበር። ቁስሉም በሁለት ሳምንት ከአምስት ሴንቲሜትር ወደ ሦስት ወረደ።

፪. ከዚያ መዳኑ ቆመ። ሐኪሞችዎ በማስመሪያ እየለኩና ፎቶ እያነሡ ብርሃኑን ከሁለት ደቂቃ ወደ አራት ስላሳደጉ ትጋታቸውን አደንቃለሁ። እሷን ግን ማንም አልመዘናትም፤ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ሲወድቅ አልጋ ሥር ገብቼ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

፫. የወጥ ቤትዎ ሥርዓት የሚያስቀና ነው፤ ምግብ የሚታደለው ለሰው ሳይሆን ለአልጋ ነው። ከእሷ በፊት የተኙት የኩላሊት ታማሚ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ክልክል» የሚለው ካርዳቸው ከራስጌው ሳይነሣ ቀረ። የእናቴ ኩላሊት ጤነኛ ነበር። ሐኪም ያለው ነው ብላ ግን ሩዝና ቅቅል ካሮቷን ያለ ማጉረምረም በላች። እኔም ካርዱን በየቀኑ እያነበብኩ ዝም አልኩ፤ ይህን በእርስዎ ላይ አልደምርም፣ የራሴ ጥፋት ነው።

፬. ካርዱ የሌላ ሰው መሆኑን፣ ቆዳም ያለ ሥጋና እንቁላል በብርሃን ብቻ እንደማይሠራ የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ በአርባኛው ቀን። በማግስቱ ሌላውን ሰው ሦስት ቀን አስነጥሶ የሚተው ጉንፋን እናቴን ወሰዳት። ሴትዮዋን ለሹመት ቢያስቧት አይቆጩም።

ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ትሪ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የሰባተኛው አልጋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ብርድ ልብሷን ልወስድ ስመጣ ካርዱ እዚያው ተሰቅሏል፤ ሥሩ ክንዳቸው የተቃጠለ ሌላ እናት ተኝተዋል። ኩላሊታቸውን ጠየቅኳቸው፣ ደህና ነው። ካርዱን ብነቅለው ያለ እርስዎ ፊርማ አይነሣም ተብሎ ዓይኔ እያየ ተመልሶ ተሰቀለ። ዛሬ ያመጣሁላቸውን ሁለት ቅቅል እንቁላልም ዘበኛዎ የውጭ ምግብ ክልክል ነው ብሎ በር ላይ አስቀርቶታል። ሊፈርሙ ሲወርዱ እግረ መንገድዎን ያድርሱላቸው፤ ገና ትኩስ ናቸው።